የአልጋነሽ ኮምፒውተርና የእድሩ ሁለት ቁልፎች

ተረት ልጀምር ነው። ላሟም በረቱም ለዛሬ ይቆዩን፤ የዛሬዋ ተረት የምትገኘው ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ስልኩን የሚነካካ ካለ ወይ ያስቀምጠው ወይ ይውጣ። ኋላ መሀል ላይ ጠፍታበት «ገመዱ የማን ነበር?» ቢለኝ ከመጀመሪያው አልጀምርለትም።

ደሴ ከተማ ውስጥ፣ ጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ቁልቁል በሚያይበት ሰፈር፣ አልጋነሽ የምትባል ሴት ነበረች። ነበረች ስል ሞተች አላልኩም፤ ዛሬም አለች፣ ምላሷም አብሯት አለ። አንዲት ክፍል ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። በዚያ ሰፈር የተዳረ ሁሉ የሠርግ መጥሪያ ካርዱን ያሳተመው እሷ ዘንድ ነው። እርግቦቹ የት እንደሚያርፉ፣ ወርቅማው ቀለም የት እንደሚያበራ፣ የትኛው አጎት ከየትኛው አጎት በላይ ካልተጻፈ ጠብ እንደሚነሳ አልጋነሽ ታውቃለች።

አሁን ተራው የራሷ ሆነ። ልጇ ሐመልማል ልትዳር ነው፤ ሠርጉ የፊታችን እሑድ ነው። አልጋነሽም የምትፈልገው አንዲት ትንሽ ነገር ናት፤ የልጇ ካርድ ከራሷ ማሽን ታትሞ ይውጣላት።

ትንሽ ናት ብላችሁ እንዳትንቋት። በዚያ ሰፈር ካርድ ያልደረሰው ሰው ሠርግ አይሄድም። የወጡ ሽታ አፍንጫው ሥር ቢቆም እንኳ አንገቱን አቅንቶ በአጥሩ ጥግ ያልፋል እንጂ አይገባም። ካርድ ከሌለ እንግዳ የለም፤ እንግዳ ከሌለ ሐመልማል ባዶ ድንኳን ውስጥ ልትሞሸር ነው። ይህን አመል ለሰፈሩ ያስለመደው ማን መሰላችሁ? ራሷ አልጋነሽ! «ያለ ካርድ ሰው መጥራት ዶሮ መጥራት ነው» የምትለው እሷ ነበረች።

ካርዱ እስካሁን ያልታተመው ጊዜ ጠፍቶ አይደለም። ዛሬ አበባውን ትቀይራለች፣ ነገ እርግቧን ታወፍራለች። የሐመልማል ፎቶ ደግሞ ከመክበዱ የተነሳ ኮምፒውተሩ ሊከፍተው ሲል ምጥ እንደያዛት ሴት ያቃስታል። በመጨረሻ ትዕግሥቷ አለቀና ኑርዬን አስጠራች። ኑርዬ የሰፈሩ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ እጁ ፈጣን፣ አፉ ከእጁ የፈጠነ።

«እትዬ አልጋነሽ፣ ችግሩ ፕሮሰሰሩ ነው» አላት የኮምፒውተሩን ጎን ከፍቶ። ፕሮሰሰር ማለት የክብሪት ቀፎ የምታክል ጠፍጣፋ ነገር ናት፤ ለኮምፒውተሩ የምታስብለት እሷ ናት። «አዲስ ልግጠምበትና እንደ ፈረስ ይጋልብልዎት።»

«ግጠምና ይጋልብ!»

ኑርዬ አሮጌውን ፕሮሰሰር አወጣ፣ አዲሱን አስገባ። ልክክ ብሎ ገባ። ሊያበራው ጣቱን ሲዘረጋ መብራት ሄደ። የሰፈሩ ሬዲዮ ሁሉ ባንድ ጊዜ አፉን ዘጋ።

«ሲመጣ ያብሩት፤ ይነሳል» አለ ኑርዬ መፍቻውን እየሰበሰበ። «አሮጌውን ልውሰደው?»

«ውሰደው፤ ጉትቻ አላደርገው!»

ወሰደው። ፎቶ አንሺው ምንይሉ ጄኔሬተር አለውና፣ በዚያው ቀን ሄዶ በምንይሉ ኮምፒውተር ውስጥ ገጠመው።

በማግሥቱ ጠዋት መብራት መጣ። አልጋነሽ ማብሪያውን ተጫነች። ማራገቢያው ዞረ፣ ትንሿ መብራት በራች፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደለበሰ ቀረ። ደግማ ተጫነች፤ ያው ነው። «ኑርዬ!» ብላ ስትጣራ፣ ስልክ አላስፈለጋትም፣ ኑርዬ እቤቱ ሆኖ ሰማት።

ጠጋኝ ያልገባው ነገር ሲገጥመው መጀመሪያ እፍ ይላል። ኑርዬም እፍ አለበት። አልነሳም። ሚሞሪዋን ነቅሎ ጥርሶቿን በላጲስ ፈገፈጋት። አልነሳም። የስክሪኑን ገመድ ቀየረ። አልነሳም። ሳንቲም የምታክለውን ባትሪ አውጥቶ መልሶ ከተተ። አልነሳም። ፕሮሰሰሩን አንስቶ የተጣመመ እግር ይኖር እንደሆነ በስልኩ መብራት አየ፤ እግሮቹ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ያን ጊዜ ኑርዬ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጢሙን አሸ።

«ማዘርቦርዱ አዲሱን አያውቀውም» አለ።

«ምን ማለት ነው አያውቀውም? ትናንት አስገብተኸው የለ?»

«መግባትማ ገብቷል። ግን ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያነበው መመሪያ አለው፤ ባዮስ ይሉታል። ያ መመሪያ የተጻፈው ይሄ ፕሮሰሰር ሳይወለድ ነው። 'ማነህ?' ይለዋል፤ ዘመድ የለውም፤ ደጅ ይቀራል።»

«መመሪያውን አድሰዋ!»

«ለማደስ ማሽኑ መነሳት አለበት። ለመነሳት ደግሞ የሚያውቀውን ፕሮሰሰር ይፈልጋል።»

አልጋነሽ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እንግዲህ አሮጌው ሽማግሌ ሆኖ ይግባና 'ይሄ ልጅ የጨዋ ልጅ ነው፣ ተቀበሉት' ይበልለት ነው የምትለኝ?»

«ልክ እንደዚያ! መመሪያው ፍላሼ ላይ አለ። አሮጌው ብቻ ይምጣ።»

ሐመልማል ከጓዳ ብቅ አለች። «እማዬ፣ በስልክ ብንጠራስ?»

«በስልክ የተጠራ በስልክ ይብላ!»

«ዲስኩን ነቅዬ» አለ ኑርዬ ቀስ ብሎ፣ «ታች ያለው ማተሚያ ቤት ላሳትመው?»

«የሰፈሩን ሁሉ ካርድ አትሜ የልጄ ካርድ ከሰው ማሽን? ሞቼ ነው ቆሜ?»

«ቆመው» አለ ኑርዬ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርዱ ያለ ኮምፒውተሩ አልወጣም አለ፤ ኮምፒውተሩ ያለ አሮጌው ፕሮሰሰር አልነሳም አለ። አልጋነሽ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣለች፣ ኑርዬ መፍቻውን ያዘ፣ ወደ ፎቶ አንሺው ሄዱ።

ምንይሉ ከሱቁ ደጅ ቆሞ የላሜራ በሩን በእርግጫ ይመታል። በሩ ወደ ላይ የሚጠቀለል ዓይነት ነው፤ ዛሬ ግን አንድ ጎኑ ወርዶ፣ አንድ ጎኑ ተሰቅሎ፣ እንደ ሰካራም ባርኔጣ ተንጋዷል።

«ምንይሉ፣ አሮጌውን ፕሮሰሰር መልስልኝ» አለችው። «ካርዱ ያለ ኮምፒውተሩ አልወጣም አለ፤ ኮምፒውተሩ ያለ አሮጌው ፕሮሰሰር አልነሳም አለ።»

«ያንቺን ፕሮሰሰር ትያለሽ? የራሴን ካፖርት ማውጣት አቅቶኝ በብርድ እየሞትኩ ነው! ካሜራዬ ውስጥ፣ ጄኔሬተሬ ውስጥ፣ ምሳዬ እንኳ ውስጥ ነው። በሩ ከሐዲዱ ወጥቷል።»

«ትናንት ማታ እንዴት አድርገህ ዘጋኸው?»

«እንደ ሁልጊዜው።»

«ይኸውም?»

«በእርግጫ» አለ ምንይሉ፤ አላፈረም። «በያጁ ሻፊ መጥቶ ካልቆረጠው በሩ አይከፈትም። እኔ ፕሮሰሰሩን አልከለክልሽም፤ በሩን ጠይቂው።»

በር አይጠየቅም፤ ስለዚህ ወደ ሻፊ ሄዱ። ምንይሉም በብርድ ከመቆም ብሎ ተከተላቸው።

ሻፊ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጦ ብረት ሳይሆን ጥርሱን በመፋቂያ ይፍቃል። አልጋነሽ ደርሳ ትንፋሽ ሳትወስድ ለቀቀችበት። «ሻፊ፣ ተነስ! ካርዱ ያለ ኮምፒውተሩ አልወጣም አለ፤ ኮምፒውተሩ ያለ አሮጌው ፕሮሰሰር አልነሳም አለ፤ አሮጌው ፕሮሰሰር በሩ ካልተከፈተ አልመጣም አለ፤ በሩ ያላንተ አልከፈትም አለ።»

«እጄ ይኸው፣ መቁረጫዬ ይኸው» አለ ሻፊ መፋቂያውን ጆሮው ላይ ሰክቶ። «ገመድ ነው የሌለኝ። ከምንይሉ ደጅ እስከ ቅርቡ ሶኬት መንገድ መሻገር አለ፤ ረጅሙ ወፍራም ገመዴ ካልመጣ መቁረጫው አይዞርም።»

«የት ሄደ ገመድህ?»

«ለቅሶ ሄዶ ቀረ። ለድንኳን መብራት አዋስኳቸው፤ ድንኳኑ ሲፈርስ ገመዱንም አብረው ጠቅልለው የእድሩ ዕቃ ቤት ቆለፉበት።»

«ሌላ ገመድ አጥተህ ነው? ከኔ ቤት አንድ አመጣልሃለሁ።»

«ያቺ የሬዲዮሽ ገመድ? ወላሂ ትቀልጣለች! ያን ጊዜ ከሠርግሽ በፊት የኔን ለቅሶ ትደርሻለሽ።»

«አንተ ብትሞት ማን በሩን ሊቆርጥልኝ!» አለችና ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ዞረች። ኑርዬ ተከተላት፣ ምንይሉ ተከተላት፣ ሻፊም መቁረጫውን ተሸክሞ ተከተላት። በመንገድ ያየ ሁሉ «ማን ሞተ?» ይላል።

የዕቃ ቤቱ ኀላፊ ጋሽ አስማረ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር። ዕድሜያቸውን ሙሉ «ሙሉ ነው፣ አልጭንም» ሲሉ ኖረው ያ ቃል አፋቸው ላይ ቀርቷል። ከዕቃ ቤቱ ደጅ አግዳሚ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነው።

«ጋሽ አስማረ» አለች አልጋነሽ፣ «ካርዱ ያለ ኮምፒውተሩ አልወጣም አለ፤ ኮምፒውተሩ ያለ አሮጌው ፕሮሰሰር አልነሳም አለ፤ አሮጌው ፕሮሰሰር በሩ ካልተከፈተ አልመጣም አለ፤ በሩ ያለ ሻፊ አልከፈትም አለ፤ ሻፊ ያለ ገመዱ አልሠራም አለ፤ ገመዱ ደግሞ እርስዎ ካልከፈቱ አልወጣም አለ!»

«አይቻልም» አሉ ጋሽ አስማረ።

«ገና ሳይሰሙ?»

«ሰምቻለሁ። ዕቃ ቤቱ ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ እኔ ዘንድ፣ አንዱ የሺመቤት ዘንድ። ትልቁ ብረት ድስት ከጠፋ ወዲህ አንድ ሰው ብቻውን አይከፍትም፤ የእድሩ ሕግ ነው።»

«ድስቱን እኔ ሰረቅኩት?»

«ማን እንደሰረቀው ቢታወቅማ ሁለት ቁልፍ ምን ያደርግልን ነበር?»

ምንይሉ ሳቀ፤ አልጋነሽ በዓይኗ ቆረጠችው፤ ሳቁን ዋጠው።

«እሷ ቁልፏን ትክተት» አሉ ጋሽ አስማረ፣ «እኔም በዚያች ደቂቃ እከታለሁ። ያለዚያ ሙሉ ነው፣ አልጭንም።»

እትዬ የሺመቤት በሰፈሩ የሠርግ ወጥ አለቃ ናቸው። በርበሬው የሚመጠነው፣ ሥጋው የሚመረጠው በሳቸው አፍ ነው። አልጋነሽ በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ወንዶቹ ደጅ ቀሩ።

«እትዬ የሺመቤት፣ ቁልፉን!» አለች አልጋነሽ ገና ከደፉ ሳታልፍ። «ካርዱ ያለ ኮምፒውተሩ አልወጣም አለ፤ ኮምፒውተሩ ያለ አሮጌው ፕሮሰሰር አልነሳም አለ፤ አሮጌው ፕሮሰሰር በሩ ካልተከፈተ አልመጣም አለ፤ በሩ ያለ ሻፊ አልከፈትም አለ፤ ሻፊ ያለ ገመዱ አልሠራም አለ፤ ገመዱ ያለ ጋሽ አስማረ አልወጣም አለ፤ ጋሽ አስማረ ያለ እርስዎ አልከፍትም አሉ!»

እትዬ የሺመቤት ከምስሩ መሀል ጠጠር አወጡ፣ አዩት፣ ጣሉት።

«ሠርግ አለሽ አሉ» አሉ።

«አለኝ እንጂ! እሱን እኮ ነው የምልዎት።»

«ወፍጮ ቤት ሰማሁት። ወፍጮ ቤት! ጆሮዬ በወፍጮው ደንቁሮ፣ ፊቴ ዱቄት ለብሶ፣ የሐመልማልን መዳር ከወፍጮ ሠራተኛ ሰማሁት። ለመሆኑ ካርዱ የደረሰው ለነማን ነው?»

«ለማንም! አልታተመም እኮ! ኮምፒውተሩ...»

«ታትሞ ሲደርሰኝ ቁልፉን ትወስጃለሽ። ያልተጠራ ሰው ቁልፍ የለውም።»

«ካርዱን ለማተም እኮ ነው ቁልፉ የሚያስፈልገኝ!»

«ቁልፉን ለመስጠት እኮ ነው ካርዱ የሚያስፈልገኝ» አሉ እትዬ የሺመቤት፣ ሰፌዳቸውንም አነሱና ገቡ።

አሁን ስሙኝ፤ ሰንሰለቷ ጅራቷን ነከሰች። ካርዱ ያለ ኮምፒውተሩ አልወጣም አለ፤ ኮምፒውተሩ ያለ አሮጌው ፕሮሰሰር አልነሳም አለ፤ አሮጌው ፕሮሰሰር በሩ ካልተከፈተ አልመጣም አለ፤ በሩ ያለ ሻፊ አልከፈትም አለ፤ ሻፊ ያለ ገመዱ አልሠራም አለ፤ ገመዱ ያለ ጋሽ አስማረ አልወጣም አለ፤ ጋሽ አስማረ ያለ እትዬ የሺመቤት አልከፍትም አሉ፤ እትዬ የሺመቤት ያለ ካርዱ አልሰጥም አሉ፤ ካርዱም ያለ ኮምፒውተሩ አልወጣም አለ። ከዚህ ወዲያ ብቀጥል እኔም እናንተም እዚሁ እናረጃለን።

አልጋነሽ ግን በአንድ ምት የምትሸነፍ አይደለችም። ሰንሰለቷን ከሌላ ቦታ ልበጥሳት ብላ ተመለሰች።

«ጋሽ አስማረ፣ በአንድ ቁልፍ?» «አልጭንም።»

«ሻፊ፣ በመዶሻስ?» «በመዶሻ ከሆነ ፕሮሰሰሩንም በማንኪያ ትለቅሚዋለሽ።»

«ምንይሉ፣ በመስኮት?» «መስኮት ቢኖረኝ ካፖርቴን አላወጣም?»

«ኑርዬ፣ የሱ ዓይነት ሌላ አሮጌ?» «አንድ ኮምቦልቻ አለ፤ ባለቤቱ ሱቁን ዘግቶ ሠርግ ሄዷል።»

«እሱን ደግሞ ማን ጠራው!» ብላ አልጋነሽ ሱቋ ገብታ ቁጭ አለች። ዝምም አለች። አልጋነሽ ዝም ስትል ሰፈሩ ደነገጠ፤ ጎረቤት ያለው ሻይ ቤት ሬዲዮውን ቀንሶ አዳመጠ።

ግድግዳዋ ላይ እስከ ዛሬ ያተመቻቸው ካርዶች በየተራ ተለጥፈዋል። ሁሉም ያበራሉ። ከነሱ ሥር ኮምፒውተሩ ማራገቢያውን ያዞራል፤ ያያል፣ አያይም።

ሐመልማል ውሃ ይዛላት መጣች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን የእናቷ ልጅ ናትና ድምፅዋ አልተሰበረም። «እማዬ፣ እትዬ የሺመቤትን ማን ጠራቸው?»

«ካርዱ ይጠራቸዋል እንጂ ማን ይጠራቸዋል?»

«ካርዱ እግር አለው?»

አልጋነሽ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ካርዶች አየች። ውሃውን ጠጣች። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ጥለቱን አስተካክላ፣ እንደ ክብር ቀን አጣፋችው።

«ወዴት ነው?» አለ ኑርዬ ሊከተላት ተነስቶ።

«አንተ ተቀመጥ። ፕሮሰሰር ልለምን አይደለም የምሄደው።»

እትዬ የሺመቤት ወደ በረንዳቸው ወጥተው ምስሩን ቀጥለዋል። አልጋነሽ በሩን አንኳኳች። ቀና ሳይሉ «ግቡ» አሉ። ገባች፤ ደፉ ላይ ቆመች፤ ጎንበስ አለች።

«እንዴት ዋሉ እትዬ የሺመቤት?»

«እግዜር ይመስገን።»

«ያ የሚያምዎት እግርዎ እንዴት ሆነልዎት?»

እትዬ የሺመቤት እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ። «ይሻለዋል።»

«እሑድ ልጄን ሐመልማልን እድራለሁ። ያለ እርስዎ አልድርም። እንግዳ ሆነው አይምጡልኝ፤ ባለቤት ሆነው፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ይምጡልኝ።»

«ካርድሽስ?»

«ካርድ የለኝም። እግሬን ይዤ መጥቻለሁ።»

«ተቀመጪ።»

«እሺ ሳይሉኝ አልቀመጥም።»

ድሮ የሚጠራ ሰው እንዲህ ነበር፤ ቃል ሳይሰጠው ወገቡን አያሳርፍም። እትዬ የሺመቤት ሰፌዱን ጎናቸው አስቀመጡና አንጋጠው አዩዋት።

«ከቤትሽ ስንት ካርድ መጥቶልኛል መሰለሽ! እርግቡ፣ ወርቁ፣ አበባው። ሁሉንም መሳቢያዬ ውስጥ አኑሬዋለሁ። አንቺ ግን ከዚያ ሱቅ ወጥተሽ በዚህ በር ገብተሽ አታውቂም። ጠዋት ስትገቢ ደስ ብሎኝ ልነሳ ነበር። እንዴት አደሩ እንኳ ሳትይኝ 'ካርዱ ያለ ኮምፒውተሩ' እያልሽ መጣሽ። እኔ ከኮምፒውተርሽ ጋር ምን አለኝ?»

አልጋነሽ ምላሷ ላይ ብዙ መልስ ነበራት፤ ሁሉንም ዋጠችው። እንደምታውቁት ቀላል ጉርሻ አይደለም። «እውነትዎን ነው እትዬ» ብቻ አለች።

ዶሮ በመሀላቸው አለፈች።

«በርበሬውን ማን ነው የሚመጥነው?» አሉ እትዬ የሺመቤት ድንገት።

«እርስዎ ነዎት እንጂ!»

«ሥጋውንስ ማን ያስመርጣል?»

«እርስዎ።»

«ያቺ አክስትሽ ምድጃ አጠገብ ድርሽ እንዳትል።»

«በገመድ አስሬ አስቀምጣታለሁ!»

«ገመድ የለሽም አሉ» አሉ እትዬ የሺመቤት፣ ያን ጊዜ ሳቃቸው አመለጣቸው። «እሺ ብያለሁ፤ ቁጭ በይ።» አልጋነሽ ቁጭ አለች። እትዬ የሺመቤትም ከማተባቸው ጋር የታሰረውን ቁልፍ ከደረታቸው መዘዝ አድርገው አወጡ። «አሁን ደግሞ ተነሽ፤ ምን ቁጭ አልሽ? ሠርግ አለብን!»

ይኸው ሰንሰለቷ ተፈታች፤ በደንብ ያዙኝ፣ እሮጣለሁ። እትዬ የሺመቤት ቁልፋቸውን ከተቱ፤ ጋሽ አስማረ ቁልፋቸውን ከተቱ፤ ዕቃ ቤቱ ተከፈተ፤ ገመዱ ከድንኳኑ መሀል ወጣ፤ ሻፊ መቁረጫውን አዞረ፤ ብልጭታው መንገዱን አለበሰው፤ በሩ ተከፈተ፤ ምንይሉ ከሁሉ በፊት ካፖርቱን ለበሰ፤ ኑርዬ አሮጌውን ፕሮሰሰር አወጣ፤ ወስዶ በአልጋነሽ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባው፤ አልጋነሽ ማብሪያውን ተጫነች፤ ማራገቢያው ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ ስክሪኑም ፈካ!

እልል ሊሉ ሲሉ ኑርዬ እጁን አነሳ። «ገና ነው! አሁን መመሪያውን አድሳለሁ። በመሀል መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ እስከ ወዲያኛው ይሞታል።»

ሁሉም አምፖሉን ቀና ብለው አዩ። በደሴ ሰማይ ሥር ያለ ሰው አምፖል እንዲህ በጸሎት ዓይን አይቶ አያውቅም አልልም፤ ብዙ ጊዜ አይቷል። ምንይሉ አንድ ቃል ሳይናገር ሮጠና ጄኔሬተሩን እየጎተተ አመጣ። ሻፊ ያንኑ ረጅም ገመዱን ዘረጋ፤ ኮምፒውተሩ ከጄኔሬተሩ ጋር ተያያዘ። ኑርዬ ፍላሹን ሰካ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጭ መስመር እንደ ቀንድ አውጣ መሳብ ጀመረች።

«ምን እየሠሩ ነው?» አሉ እትዬ የሺመቤት በሹክሹክታ።

«አሮጌው አዲሱን እያስተዋወቀው ነው» አለ ኑርዬ።

«ይህን ያህል? የሐመልማል ሽማግሌዎች እንኳ በአንድ ከሰዓት ጨርሰዋል።»

«ዝም በይ አንቺ፣ ይደናገጣል» አሉ ጋሽ አስማረ።

መስመሯ መጨረሻዋ ላይ ደረሰች። በዚያችው ቅጽበት አምፖሉ ጠፋ! ሰፈሩ «ወይኔ!» አለ። ጄኔሬተሩ ግን ይንደቀደቃል፣ ስክሪኑም እንዳለ አለ። አሮጌው ፕሮሰሰር በክብር ወጣ፣ አዲሱ ገባ፣ አልጋነሽ ማብሪያውን ተጫነች። ማዘርቦርዱም «ማነህ?» ሳይል ተቀበለው። የሐመልማል ፎቶ ከነአበባው፣ ከነወፍራሟ እርግብ፣ ያለ አንዳች ማቃሰት ተከፈተ። ማተሚያው አጉረመረመ፣ ምላሱን አወጣ፣ የመጀመሪያዋን ካርድ ተፋት።

ካርዱ ከራሷ ማሽን ወጣላት።

አልጋነሽ ካርዷን ገና ሳትቀዘቅዝ አነሳቻት፣ በብዕሯ «ክብርት ወይዘሮ የሺመቤት» ብላ አሳምራ ጻፈችና በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።

እትዬ የሺመቤት ካርዷን ከሩቅ አዩዋት፤ አልተቀበሏትም። «እኔማ ተጠርቻለሁ» አሉ። «ይህቺን ለሚያኮርፍ ስጪው።»

«እንግዲያው ለኔ!» ብለው ጋሽ አስማረ እጃቸውን ዘረጉ። «እኔን እስካሁን ማንም አልጠራኝም። ቁልፍ ብቻ ነው የተጠየቅኩት።»

«እኔንም ፕሮሰሰር ብቻ!» አለ ምንይሉ። «እኔንም ገመድ ብቻ!» አለ ሻፊ። «እኔንማ ስድብ ብቻ» አለ ኑርዬ።

አልጋነሽ ሳቀች፤ ሐመልማልም ሳቀች። ካርዶቹ ታትመው ሲያልቁ አልጋነሽ በዘንቢል ሞላቻቸው፤ የሚያደርስ ሰው ግን አልላከችም። ሱቋን ዘጋች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ከደጃፏ ጀምራ ቤት ለቤት ዞረች። በየደፉ ላይ ቆመች፣ «እንዴት ዋላችሁ?» አለች፣ እሺ ሳይሏትም አልተቀመጠችም። እኔ ቤት ስትደርስ ጫማዋ ጭቃ ብቻ ሆኖ ነበር።

ተረቴ በቃች። አፌን በዳቦ አብሱልኝ አልላችሁም፤ የእትዬ የሺመቤት ወጥ ገና ከከንፈሬ አልደረቀም።